አለቃና ሎሚ

«ከእሷ በፊት ቤቱ ሰላም ነበር እኮ፤ ነገር የመጣው እሷ ከገባች ወዲህ ነው» አለች እትዬ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ወትፋ፣ ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ዘለበት እየቆለፈች። ሚጢ ወጥ ቤት ሻይ እየቀዳች ነበር። ማንቆርቆሪያውን ቀና አድርጋ ጆሮዋን አቆመች። የሚወራው ስለ ዓሣ መሆኑን ታውቃለች። እትዬ ጠዋት ለዓሣ ነጋዴው እንደምትደውል ትናንት ራት ላይ ተናግራለች። ቢሆንም ሚጢና ዓሣዋ እዚህ ቤት የገቡት በአንድ ቀን፣ በአንድ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለሆነ፣ ስለ አንዷ የሚባለው ነገር ሌላዋን ሳይነካ አያልፍም። «እሺ... እሺ... ባለቤቱ? አይሰማም፣ እዚያ የሚጮኸው ምንድነው?... እ፣ ገባኝ፣ ገባኝ። እንደሱ ይሻላል» ብላ እትዬ ስልኩን ዘጋች። «እንደሱ ይሻላል» ያለችበት ድምፅ ለሚጢ አልጣማትም። ከባድ ዕቃ ከጀርባው ያወረደ ሰው ድምፅ ነበር።

እትዬ ታላቅ እህቷ ናት። በአንድ መድን ድርጅት የካሳ ክፍል ኃላፊ ስለሆነች ቀኑን ሙሉ ማን ማንን ገጨ የሚል ክርክር ስትሰማ ትውላለች፤ ቤት ስትገባ የምትፈልገው ዝም ያለ ነገር ብቻ ነው። ለዚህ ብላ ነው ሳሎኑ ውስጥ፣ በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መሀል፣ የጨው ውኃ አኳሪየም ያስቀመጠችው። ሌላዋ ሴት ለመጋረጃና ለምንጣፍ የምታወጣውን እሷ ለጨው፣ ለመብራትና ለድንጋይ ታወጣለች። ሚጢ የምትተኛው እዚያው ሶፋ ላይ ነው። ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ያንጎራጉርባታል፣ እሷም ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሱን አጣጥፋ ከሶፋው ኋላ ትደብቅና ትራሶቹን መልሳ ታደረድራለች፤ እንግዳ ቢመጣ እዚህ ሰው ያደረ እንዳይመስል። ሚጢ እናታቸው ያወጣችላት የልጅነት ስም ነው። ሠላሳን አልፋም አለቀቃትም። የምትሠራበት የጥርስ ክሊኒክ እስኪዘጋ ድረስ የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ የእሷ ነበር፣ ታካሚው ፍርሃቱን እንዲረሳ መጠበቂያው ክፍል የተቀመጠውን አኳሪየም የምትመግበውም እሷ ነበረች። ሐኪሙ ወንበርና መሣሪያውን ሸጦ ሲሄድ ዓሣውን «የፈለገ ይውሰድ» አለ። የፈለገችው ሚጢ ብቻ ሆነች። ደመወዙ ሲቋረጥ የተከራየችው ክፍልም አብሮ ሄደ፣ እና ባልዲዋን ታቅፋ እህቷ በር ላይ ቆመች።

ዓሣዋ ሎሚ ትባላለች፤ መዳፍ የምታህል፣ ጠፍጣፋ፣ ከአፏ እስከ ጅራቷ ብጫ የሆነች ዓሣ። የእትዬ ዓሣ ደግሞ አውራ ጣት የማያህል ሰማያዊ ፍጥረት ነው። አለቃ ብሎ የሰየመው የእትዬ ባል ነው፣ ስሙም በልኩ የተሰፋ ነበር። አኳሪየሙ ውስጥ ያለውን ድንጋይ በሙሉ፣ ጥላውንም ጭምር፣ የራሱ አድርጎ ይዞታል። ሎሚ ገና ከባልዲው ተንሸራታ ስትገባ ነው ጅራቷ ላይ የሰፈረባት። ትልቋ ትንሹን ትበላዋለች ብለው ሲፈሩ፣ ትንሹ ትልቋን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣት። ያልሞከሩት የለም። ምግቡን በሁለቱ ጫፍ ለያይተው ሰጡ፤ አለቃ በዚህም በዚያም ደረሰ። መብራት አጥፍተው አዋሉ፤ በጨለማም ያያል። የእትዬ ባል የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት ነቅሎ ከውጭ አስደገፈለት፣ አለቃም ከራሱ መልክ ጋር ሲቧቀስ ውሎ ሲደክመው ወደ ሎሚ ተመለሰ። አሁን ሎሚ የክንፏ ጫፍ ተቦጫጭቋል፣ ሆዷ ጎድጉዷል፣ ማዕዘኑ ላይ ከማሞቂያው ቱቦ ኋላ ተለጥፋ ቆማለች። ሚጢ ማታ ማታ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስታያት አንጀቷን ትበላታለች።

ሻዩን ይዛ ስትገባ የእትዬ ባል ጠረጴዛው ላይ ዳቦውን በእንቁላል እየገመጠ ነበር። ጋሼ ትለዋለች። መኪና ማሽከርከር አሠልጣኝ ነው፤ በቀን ስንቱን ጀማሪ ችሎ ስለሚውል የማይችለው ነገር የለም፣ ሁሉንም ነገር ግን በመንገድ ሕግ ይተረጉመዋል። «እኔ የምለው» አለ በዳቦው ጫፍ ወደ አኳሪየሙ እየጠቆመ፣ «አደባባይ ውስጥ ቀድሞ የገባ ቅድሚያ አለው። አለቃ ሕግ ነው የሚያስከብረው።» እትዬ አልሳቀችም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ በቁሟ ሻዩን ሁለት ጊዜ ፉት አለችና፣ ሚጢን ሳይሆን ስኳር ዕቃውን እያየች ተናገረች።

«ነጋዴውን አግኝቼው ነበር። ‹ባለቤቱ ያውጣ› ነው ያለኝ። እንግዲህ የሎሚ ባለቤት አንቺ ነሽ።»

«የት ልውሰዳት?»

«እሱ ጋ ውሰጃት። ቦታ አያጣም። እኔ እንዳልሄድልሽ የዛሬው ቀን ስብሰባ ነው።»

«እሺ» አለች ሚጢ። ሌላ ምን ትበል? ጋሼ ሻዩን ድምፅ እያሰማ ጠጣ፣ ከዚያ ዝም ተባለ። ሚጢ በዚህ ቤት ዝምታውን ሁሉ እየለየች ለምዳለች። ሲደክማቸው የሚመጣ ዝምታ አለ፣ ቴሌቪዥን ሲታይ የሚመጣ አለ፤ ይሄኛው ግን ማንም ቀድሞ አፉን መክፈት የማይፈልግበት ዓይነት ነበር። ገባት። ዛሬ ዓሣዋ ትወጣለች፣ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ደግሞ እሷ። ማንም በግልጽ አይላትም፤ እንደዚህ ስኳር ዕቃ እየታየ ነው የሚነገራት። የምትሄድበት ቤት የላትም። ጓደኞቿን አንድ በአንድ ስታስባቸው ሁሉም ጠባብ ቤት ውስጥ ከባልና ከልጅ ጋር ተጣበው ያሉ ናቸው። ሆድ ባሳትና ሁለቱ እስኪወጡ ድረስ ወጥ ቤት ገብታ የታጠበ ሳህን መልሳ አጠበች።

ሎሚን መያዝ የፈራችውን ያህል አላስቸገረም፤ ያ ራሱ ነው ያሳዘናት። ደህና የሆነች ዓሣ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩን ሁሉ ካላነሱ አትያዝም ነበር። መረብ አልተጠቀመችም። ጅራቷ ሥር ምላጭ የመሰለ እሾህ ስላላት መረብ ይይዛታል፣ እሷም ስትታገል የባሰ ትቦጫጨቃለች። የቅቤ ማስቀመጫ የነበረ ላስቲክ ዕቃ አጥባ፣ እጅጌዋን እስከ ብብቷ ሰብስባ፣ ዕቃውን ቀስ አድርጋ ከቱቦው ኋላ ሰደደችው። ሎሚ አየችው፣ አሰበች ማለት ይቻላል፣ እና ራሷ ገባች። አለቃ ግን ዝም ብሎ አላለፋትም። በሚጢ እጅ ላይ መጥቶ ጣቷን ነከሳት። አያምም፤ በጥፍር እንደመቆንጠጥ ያለ ነገር ነው። ሆኖም ሚጢ በዚያ ሰዓት የቸገራት የሚሰደብ ሰው ነበርና «ዓይንህን በጨው ያጠብክ!» ብላ ጮኸችበት፣ ወዲያው ደግሞ የተናገረችው ለማን እንደሆነ ስታስበው ሳቋ መጣ። ከአኳሪየሙ ውኃ ባልዲው ውስጥ ቀዳች፣ በባትሪ የሚሠራውን ትንሽ የአየር ፓምፕ ጠርዙ ላይ ሰካች፣ ክዳኑን ከደነች።

አውቶቡስ ውስጥ ባልዲውን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ አቀፈችው። አጠገቧ የተቀመጡት ወፍራም ሴትዮ በየጉድጓዱ ላይ የምታደርገውን ጥንቃቄ ሲያዩ ቆይተው አልቻሉም። «ልጄ፣ ምን ነው የያዝሽው? እንቁላል ነው?» አሉ። ዓሣ ናት ስትላቸው ክዳኑን ከፍ አድርገው ለማየት ጠየቁ፣ አዩ፣ ለረጅም ጊዜም አዩ። «በሕይወቷ ነው እንዴ ወደ መጥበሻው የምትወስጃት?» ሲሉ ከፊት ወንበር ያሉት ሁሉ ሳቁ። አንዱ ዋጋዋን ጠየቀ። ሚጢ ክሊኒኩ የገዛበትን ስትነግረው ሰውየው አላመነም፣ በዚያ ገንዘብ ስንት ኪሎ ሥጋ እንደሚገዛ ለሾፌሩ ጭምር አሰላለት። ሴትዮዋ ብቻ አልሳቁም ነበር። «ተነክሳለች እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ከማን ጋር ነው ያኖራችኋት?» ሚጢ ክዳኑን መልሳ ከደነች፤ ሴትዮዋም የጠየቁትን ረስተው ስለ ጉልበታቸው ሕመም ማውራት ጀመሩ።

የዓሣ ነጋዴው ሱቅ በጎማ ቤትና በፎቶ ኮፒ ቤት መሀል የተሰነቀረ ረጅም ክፍል ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ውኃ ነው። ፓምፖቹ ይንጫጫሉ፣ መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ በሩ ላይ ጄኔሬተር ይነሣል፤ ዛሬም ተነሥቶ ነበር። ነጋዴው እጅጌውን ሰብስቦ አንድ ገንዳ ውስጥ እስከ ክርኑ ገብቷል። ሰው ሲያናግር ይጮኻል፤ ሱቁ አስለምዶት ቤቱም እንደዚያው ሳይጮኽ አይቀርም። ባልዲውን ከፍቶ ሎሚን ሲያይ ምላሱን አጮኸ። «ውይ ውይ ውይ። ይቺን ልጅ ምን አድርጋችኋት ነው? ደግሞስ ለምን አንገላታችኋት፣ ለምን ታመጫታለሽ?»

«አንተ አይደለህ እንዴ ጠዋት ለእህቴ ባለቤቱ ያውጣ ያልካት።»

«ማን? እኔ?» እጁን ከውኃው አወጣ። «ይውጣ! ይውጣ ነው ያልኩት! ባለቤቱ ይውጣ! ቤቱን ይዞ የሚደባደበው፣ ሰማያዊው! እኔ እንግዳውን አስወጡ እያልኩ ምክር ከሰጠሁ ማን ዓሣ ይገዛኛል፣ የኔ እህት?» በራሱ ቀልድ ሳቀና፣ ሚጢ እንዳልሳቀች ሲያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዝቅ ማለት ለእሱ ከተባለ፣ አስረዳት። ትንሹ ሰማያዊ ዓሣ ክፉ ሆኖ አይደለም። እያንዳንዱን ጉድጓድ፣ እያንዳንዱን ጥግ ያውቀዋል፤ ያወቀው ሁሉ የሱ ነው፣ የሱ የሆነውን ደግሞ ይጠብቃል። እንግዳዋን አውጥተው ሌላ ቢያስገቡም እሱንም ይነክሰዋል። ስለዚህ የሚወጣው እሱ ነው። ቀዳዳ ባለው ዕቃ ውስጥ አድርገው እዚያው ውኃ ላይ ያንጠለጥሉታል፣ ያያል ግን አይነክስም። ከዚያ ድንጋዩን ሁሉ አፍርሰው በሌላ መልክ ይሠሩታል። እሷ ቀድማ ገብታ ስትዟዟር ትሰንብት፣ እሱ መጨረሻ ላይ ይለቀቅ፤ ያኔ ቤቱ ለሱም አዲስ ነው። «ብዙ ጊዜ ይሠራል» አለ ነጋዴው። «ሁልጊዜ አልልሽም። እኔም ስንቱን አስታርቄ ስንቱ አቅቶኛል።»

ከዚያ ሎሚን እንደገና አያትና ዓይኑ ተለወጠ፤ የነጋዴ ዓይን ሆነ። «ወይ ከሰለቻችሁ ደግሞ ለእኔ ሽጪልኝ። ክንፏ ይበቅላል። አሁኑኑ በእጅሽ እሰጥሻለሁ» ብሎ ዋጋ ጠራ። ሚጢ ዋጋውን ስትሰማ መጀመሪያ ያሰበችው አልጋ ነው። አንድ ክፍል ለሦስት በሚከራይበት ሰፈር ለአንድ ወር ደባል አልጋ ይይዛል። ብርድ ልብስ መደበቅ ቀረ። ስኳር ዕቃ እያዩ እስኪነግሯት መጠበቅ ቀረ። ሂጂ ሳትባል በራሷ እግር ብትወጣ ቢያንስ አንገቷን ቀና አድርጋ ትወጣለች። ነጋዴው ገንዘቡን ለማውጣት እጁን ኪሱ ከቶ ነበር። ሚጢ ባልዲው ውስጥ አየች። ሎሚ ዝም ብላ አንድ ቦታ ላይ እየቀዘፈች ነበር። ማንም ውጪ ያላላትን ዓሣ ባልዲ ውስጥ ከታ፣ በአውቶቡስ አንገላታ፣ እዚህ ያመጣቻት እሷ ናት፤ ያውም አንድ ቃል እንኳ ሳትከራከርላት። «አልሸጥም» አለች። ነጋዴው ትከሻውን ነቀነቀና፣ እንዳትታፈን ቶሎ መልሻት ብሎ፣ በዚያው የማትፈልገውን፣ ለዓሣ ምግብ የሚሆን የባሕር ቅጠል አንድ ፓኬት ሸጠላት።

ስትመለስ መንገዱ ተዘጋግቶ አውቶቡሱ ከመሄድ ይልቅ መቆም አበዛ። ሚጢ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ሁለቱን ቃላት በአፏ ታገላብጣቸው ጀመር። ይውጣ። ያውጣ። አንድ ፊደል ናት፣ ያውም ያቺው ፊደል፤ እግሯ ብቻ ነው የሚለየው። በዚያ ሁሉ የፓምፕ ጩኸት ውስጥ፣ ጫማዋን ጎንበስ ብላ በምትቆልፍ ሴት ጆሮ ውስጥ፣ ይ ያ ብትሆን ምን ይደንቃል። ደግሞ ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣባት። በዚያ መሥሪያ ቤት ሾፌር የተናገረውን እያንዳንዱን ቃል እየመነዘረች የምትውል ሴት፣ ማን እንደሚወጣ ሲነገራት እንዴት ደግማ አልጠየቀችም? «እንደሱ ይሻላል» ያለችበት ድምፅ ጆሮዋ ላይ ቀረ። ተናደደች። እህቷ እንዳልዋሸቻት ታውቃለች፤ እትዬ በሕይወቷ ዋሽታ አታውቅም፣ ዋሽታ ቢሆን ንዴቱ ይቀል ነበር። የሚያናድደው እህቷ የሰማችው ነገር ቀድሞ ልቧ ውስጥ የነበረ መሆኑ ነው። እኔስ፣ አለች ለራሷ፣ እኔስ ለምን አልጠየቅኩም? እሷም መልሱ ቀድሞ ልቧ ውስጥ ስለነበረ ነው።

ቤት ስትደርስ ጋሼ ካልሲውን አውልቆ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ዝናብ መጥቶ የከሰዓቱ ተማሪዎች ቀርተውበታል። «ተመለሳችሁ እንዴ?» አለ ባልዲውን አይቶ፣ እና ምንም ሳይጠይቅ እግሩን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀላት። ሚጢ ባልዲውን አኳሪየሙ ሥር አስቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ እትዬ ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ዓይኗ ባልዲው ላይ አረፈ።

«ምነው፣ አልቀበልም አለ?»

«ይውጣ ነው ያለሽ።»

«ማን ይውጣ?»

«አለቃ።»

እትዬ ጃንጥላዋን እንደያዘች ቆመች። «ተዪ እንጂ። አለቃ ምን አደረገ? ያለው እኮ ቤቱ ነው።» ለዚያ ነው አሉ የሚወጣው፣ አለቻት ሚጢ። እትዬ አላመነችም። ስልኳን አወጣች፣ ደወለች፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ይውጣ!» አለ ነጋዴው ገና ጥያቄውን ሳይጨርሱለት፣ ሳሎኑን ሞልቶ። «ይ! ይ! በይብራ የሚጀምረው ይ!» ጋሼ ይብራ የሚባል ነገር መኖሩን ሲጠይቅ ነጋዴው ራሱ ግራ ገባውና ስልኩ ተዘጋ። ጋሼ እስኪያስለው ሳቀ፤ «ለካ ትራፊኩ ራሱ ነው በስህተት ያሳለፈው» አለ። ሁለቱ እህትማማቾች ግን እርስ በርስ ሳይተያዩ ስልኩን ያዩ ነበር። ከዚያ እትዬ ቀለበቷንና ሰዓቷን አወለቀች፣ የቢሮ ሸሚዟን በቲሸርት ቀይራ መጣች። «በሉ፣ ጎድጓዳ ሳህን አምጡ» አለች።

ሥራው ሚጢ የፈራችውን ያህል አስቸጋሪ ነበር። ውኃውን በጎድጓዳ ሳህንና በልብስ ማጠቢያ ገንዳ ቀዱ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ እያነሱ ውኃው ውስጥ ዘፈቁት። አለቃ ከድንጋይ ድንጋይ እየሸሸ መጨረሻ ላይ አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ተወሸቀ፤ ድንጋዩን ከውኃ ሲያወጡትም እዚያው ሆኖ ከቀዳዳው አፍ ላይ ያፈጥባቸዋል። እትዬ ድንጋዩን እንደ ሕፃን አቅፋ ታባብለው ጀመር። «ና የኔ ጌታ፣ ና፣ ለጥቂት ቀን ነው፣ ማንም አይነካህም» አለችው፤ ሚጢ እህቷን እንዲህ ስታባብል ሰምታት አታውቅም። በመጨረሻ አለቃ ከቀዳዳው ጠብ አለ። ሁለት የሩዝ ማጥለያ አፍ ለአፍ ገጥመው ውስጡ ከተቱት፣ ጋሼም ማሰሪያ ገመድ ከመኪናው፣ እዚያ ካጣም ከሱቅ ላምጣ ብሎ ወረደ። ገመዱ እስኪመጣ ማጥለያዎቹን በልብስ መስቀያ መቆንጠጫ ይዘው ውኃው ውስጥ አስቀመጧቸው። ድንጋዩን በአዲስ መልክ ደረደሩት፤ ግራ የነበረው ቀኝ፣ የቆመው ተኝቶ፣ መሀሉ ላይ ሰፋ ያለ ዋሻ ተከፍቶ። ከዚያ ውኃውን መልሰው ሞሉና ሚጢ ሎሚን ለቀቀቻት። ሎሚ መጀመሪያ ወደ ማሞቂያው ቱቦ ሄደች፣ ቆመች፣ ማንም አለመምጣቱን አየች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወጥታ አንድ ድንጋይ ላይ አፏን አሳረፈች፣ ላጠችው፣ ወደ ሌላው አለፈች። አለቃ ማጥለያው ውስጥ ክንፉን ነፍቶ ይፎክር ነበር።

ሳሎኑ ጎርፍ የገባበት መስሏል። ሁለቱ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ እያንዳንዳቸው አሮጌ ፎጣ ይዘው፣ ወለሉን ይወለውሉ ጀመር።

«ሚጢ።»

«ወይ።»

«ያውጣ ነው የሰማሁት። እማዬን።»

«አውቃለሁ።»

እትዬ ፎጣውን ባልዲው ላይ ጨመቀችው፣ ደረቅ እስኪሆንም አልተወችውም። «ግን ስሰማው ደስ አለኝ» አለች። «ስለ ዓሣዋ ብቻ አይደለም።»

ሚጢ ይሄን ከጠዋት ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ቢሆንም ከእህቷ አፍ ሲወጣ አመማት፣ ክፉኛ አመማት፣ ፎጣውን ለቃ ተረከዟ ላይ ተቀመጠች። አንድ የሚገርም ነገር ደግሞ ከሕመሙ ጋር አብሮ መጣ፤ ቀለላት። እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ ያልተነገራትን ነገር እየገመተች መኖሩ ነበር የከበዳት። ሳሎኑን የያዘችባቸው ራሷ ናት። እትዬ ከሥራ ስትመጣ ጫማዋን ጥላ የምትቀመጥበት፣ ዝም ብላ ዓሣዋን የምታይበት ቦታ ያ ሶፋ ነበር፤ አሁን እዚያ ሰው አለ፣ እግሩን የሚሰበስብ፣ ይቅርታ እያለ የሚነሣ፣ ሥራ አገኘሽ ወይ ተብሎ እንዳይጠየቅ ቀድሞ ሻይ የሚያፈላ ሰው። በእትዬ ቦታ ብትሆን ኖሮ ለሚጢም ይጠባት ነበር።

«ለምን አትጠይቂኝም?» አለች።

«ምኑን?»

«እስከ መቼ እንደምቆይ። ከገባሁ ጀምሮ አፍሽ ላይ ነው ያለው። ጠይቂኝና ይውጣልሽ።»

እትዬ ተቃወመች፣ ምን ማለትሽ ነው አለች፣ እህቴ አይደለሽ እንዴ አለች፣ አንቺን ማን ምን አለሽ አለች። ሚጢ ጠበቀቻት። እትዬ ቃላቱ እያለቁባት ሄዱ። እጇን በቲሸርቷ አደረቀችና፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምናልባትም ሚጢ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፊት ለፊት አየቻት።

«እስከ መቼ ነው የምትቆዪው?»

«አላውቅም።»

«ለአንድ ወር? ለሁለት?»

«አላውቅም እትዬ። ሥራ ካገኘሁ በማግሥቱ እወጣለሁ። መቼ እንደማገኝ ግን አላውቅም። ልዋሽሽ አልፈልግም።»

ሚጢ የሚመጣውን ለመስማት ራሷን አዘጋጀች፤ ደባል አልጋ የሚከራይበትን ሰፈር፣ ነገ ማለዳ የትኛው አውቶቡስ እንደሚያደርሳት እንኳ አሰበች። እትዬ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። እርጥብ እግሯን እየጎተተች ኮሪደሩን አልፋ ከመታጠቢያ ቤቱ ቀጥሎ ያለውን የዕቃ ክፍል በር ገፋችው። በሩ እኩል ተከፍቶ አንድ ነገር ያዘው። ውስጡ እስከ ጣሪያው ድረስ ካርቶን፣ የጋሼ አሮጌ ጎማዎች፣ የተሰበረ ማራገቢያና የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ነበር፤ ከሁሉም ኋላ፣ ማንም ካየው የቆየ፣ አንድ ጠባብ መስኮት አለ። እትዬ በሩ ላይ ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ክፍሉን ለካችው፤ የተገጨ መኪና ስታይ እንደዚያ ሳትለካ አትቀርም።

«እንግዲያው ሶፋ ላይ አይሆንም» አለች። «ሶፋ የሚሆነው የሚሄድበትን ቀን ለሚያውቅ ሰው ነው።»

የሚጢ እንባ መጣ፣ አልደበቀችውም። ጋሼ ገመዱን ይዞ ደረጃውን ወጥቶ እያለከለከ ሲገባ ሚስቱ የሱን ጎማ ከክፍሉ ውስጥ በጀርባዋ እየገፋች ወደ ኮሪደሩ ስታወጣ አገኛት። አንዴ ጎማውን፣ አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ የምታለቅሰውን ሚጢን አየ። «ምን ተፈጠረ?» አለ። እትዬ ቀና አላለችም። «አልጋ ስንት ክንድ ነው?» አለችው፤ «ገመዱን ስጣትና ና፣ ይሄን በዚያ በኩል ያዝልኝ።»